በቤታችሁ የሚነገረው ቋንቋ

መስከረም 18

ለተከበሩ ወንድም ጋሼ፣

ይህች ወረቀት እጅዎ ስትገባ በጤናና በሰላም ታግኝዎ። ጉልበትዎ ደረጃ መውጣት ፈቀደልዎ ወይ? እኛ ሁለታችን፣ ለሰጪው ምስጋና ይግባውና፣ ደህና ነን። ልጄ ሚጡ አሥራ አንድ ዓመት ሞልቷት ቁመቷ ትከሻዬ ጋ ደርሷል። ሰላም ትልዎታለች።

ሥራ መቀየሬን ልንገርዎ። እንደሚያውቁት እዚህ ሰው አገር በሚጡ ትምህርት ቤት የምግብ አዳራሽ ሰባት ዓመት ሳህን አጥቤያለሁ። አምና አንድ የአንደኛ ክፍል ልጅ እየጮኸ አልቅሶ የሚለውን የሚሰማ ሰው ጠፋና ከማጠቢያው ጠሩኝ። እጄን በሽርጤ እየጠራረግሁ ሄድኩ። አራት ትልልቅ ሰዎች ከበውት ሐኪም ሊጠሩ ነበር። ልጁ የሚለው «ጫማዬ ጠበበኝ» ነው። ጫማውን አወለቅኩለት፣ ዝም አለ። በሳምንቱ ርዕሰ መምህሯ አስጠርታ በሁለት ቋንቋ በሚያስተምረው ክፍል ረዳት አደረገችኝ።

ክፍሉ በደረጃው ስር ያለ ጠባብ ክፍል ነው። ልጆቹ ጠዋት ጠዋት ከየክፍላቸው እየመጡ ሁለት ሰዓት በእኛ ቋንቋ ይማራሉ፤ ከዚያ ወደየክፍላቸው ተመልሰው በአገሩ ቋንቋ ይቀጥላሉ። የሚያስተምሩን ወጣት መምህርት አሉ። እኔ አፍንጫ እጠርጋለሁ፣ እርሳስ እቀርጻለሁ፣ የተጣላ አስታርቃለሁ።

አሁን ወደ ጭንቀቴ ልምጣ። ይህ ክፍል የሚኖረው በመንግሥት ድጎማ ነው። ደንቡ፣ በትምህርት ቤቱ ቢያንስ ሃያ ልጆች በቤታቸው ይህን ቋንቋ የሚናገሩ ከሆነ የመምህርቷንና የረዳቷን ደመወዝ፣ የመጻሕፍቱንም ዋጋ መንግሥት ይከፍላል ይላል። አሥራ ዘጠኝ ከሆኑ ምንም አይከፍልም። ትልልቆቹ ልጆች ወደ ሌላ ትምህርት ቤት ስላለፉ ዘንድሮ በመዝገቡ የቀሩት አሥራ አንድ ናቸው። ቆጣሪው በታኅሣሥ መጀመሪያ ይመጣል። ካልሞላ ክፍሉ ይዘጋል፤ እኔም ወደ ሳህኔ እመለሳለሁ፤ ጫማ የጠበበው ልጅም ወደ ጩኸቱ።

የሚገርመው ልጆቹ አሉ። በኮሪደር ሲሯሯጡ በጆሮዬ ቆጥሬያቸዋለሁ፤ ሃያ ይሆናሉ። ዘጠኙ ግን ሲመዘገቡ «በቤታችሁ የሚነገረው ቋንቋ» በሚለው መስመር ላይ ወላጆቻቸው የአገሩን ቋንቋ ጽፈዋል። እርስዎ በትምህርት ጽሕፈት ቤት ስለኖሩ ምክር አያጡልኝም ብዬ ነው። የመነጽርዎን ቁጥር አብረው ይላኩልኝ።

እህትዎ

ጥቅምት 3

ለእህቴ ለዝምተኛዋ፣

ከወንበርሽ ወድቀሽ እንዳትሰበሪ፣ ቶሎ መለስኩልሽ። እኔ አለሁ። ጉልበቴ ደረጃ መውረድ ይወዳል፣ መውጣት ላይ ያኮርፋል። ፈጣሪ አንቺንና ልጅሽን ከክፉ ነገር ይጋርዳችሁ።

ሠላሳ አንድ ዓመት ልጅ ስቆጥር ኖሬያለሁ፤ ያልቆጠርኩት የራሴን ብቻ ነው፣ የለኝምና። ስለዚህ ያልሽው ነገር አዲስ አልሆነብኝም። የሰው ልጅ ቅጽ ፊቱ ሲቀመጥ ጥሩ ልብሱን ይለብሳል። «ስንት ክፍል ቤት አለህ?» ስትዪው በረንዳውንም ይቆጥራል። «ምን ቋንቋ ትናገራለህ?» ስትዪው ባለሥልጣኑ የሚናገረውን ይጽፋል። ውሸት መስሎት አይደለም፤ ጨዋነት መስሎት ነው።

የማውቀውን ልንገርሽ። ቤት ለቤት ሂጂ። ጎረቤት ባለበት አትጠይቂ። ስክሪብቶውን አንቺ ያዢ፤ ሰው ስክሪብቶ ፍለጋ ከተነሳ ሐሳቡን ቀይሮ ይመለሳል። «የጻፋችሁት ስህተት ነው» አትበዪ፤ «አልተሟላም» በዪ። ስህተቴን ላርም የሚል ሰው ጥቂት ነው፤ ያልተሟላ ላሟላ የሚል ግን ሞልቷል።

የመነጽሬን ቁጥር ከጀርባ ጽፌዋለሁ። ያለኝን አንድ ጆሮውን በክር አስሬ ነው የማነበው፤ ሰው ሲያየኝ ፈረስ የጠፋበት ጋሪ ነጂ እመስላለሁ።

አንድ ነገር ደግሞ። ሚጡ በገዛ እጇ ሁለት መስመር ትጻፍልኝ። ስሟንና «ደህና ነኝ» ብትል ይበቃኛል። ይህን አምናም ካቻምናም ጠይቄሽ ነበር፤ ረስተሽው ይሆናል።

ወንድምሽ

ጥቅምት 21

ለተከበሩ ወንድም ጋሼ፣

እንዴት ሰነበቱልኝ? የምትነፍሰውም ነፋስ ለጉልበትዎ ትስማማው። እኛ ደህና ነን።

መነጽሩን ልኬያለሁ። ሻጩ ክፈፉ የማይሰበር ነው ብሎኛል፤ እንዳይሞክሩት።

እንዳሉኝ ስክሪብቶዬን ይዤ ቤት ለቤት ዞርኩ። መጀመሪያ የሄድኩት አውቶቡስ ሹፌሩ ጋ ነው። ከሥራ ገብቶ ካልሲውን እያወለቀ ነበር። ቅጹን ገለበጠው፣ ጀርባውን አየ፣ መልሶ ገለበጠው።

«እህቴ፣ ይሄ ነገር ከግብር ጋር ይያያዛል?»

«አይያያዝም።»

«ከመኖሪያ ፈቃድ ጋርስ?»

«አይያያዝም።»

«ታዲያ እኔ ከሚስቴ ጋር በምን ቋንቋ እንደምጨቃጨቅ መንግሥት ምን አገባው?»

ሚስቱ ከወዲያኛው ክፍል፣ «እሱ መቼ ተጨቃጭቆ ያውቃል! የምጨቃጨቀው እኔ፣ የሚተኛው እሱ» አለች። «በእኛው ቋንቋ ነው ብለሽ ጻፊ። አንድም ቀን ትርጉም አስፈልጎት አያውቅም።»

ፈረመ።

ቀለም ቀቢዎቹ ወንድማማቾች በአንድ ግቢ ስለሆኑ በአንድ ጉዞ ሁለት አገኘሁ። የሌሊት ጥበቃው ቅጹን ቆሞ አነበበ፣ ቆሞ ፈረመ፣ መታወቂያዬን ጠይቆ በሩን ዘጋ። ነርሷ፣ ዳቦ ጋጋሪውና መኪና አጣቢው አላስቸገሩኝም። ከሁሉ የከበደችኝ ልብስ ሰፊዋ ናት። መርፌውን በከንፈሯ እንደያዘች ነው የምታወራው።

«ልጄን ኋላ ቀር ብለው ለብቻ ቢያስቀምጡብኝስ?»

«አያስቀምጡም። ሁለት ሰዓት ብቻ ነው። እኔ አብሬ ነኝ።»

«አንቺ አብረሽ መሆንሽ ነው እኮ የሚያስፈራኝ፤ ስትናገሪ አይሰማም።»

ቆይታ ፈረመች። መጨረሻ ላይ አንድ ጥያቄ ጠየቀችኝ፤ ተወት አድርጌው ወጣሁ።

ስለዚህ አሁን አሥራ ዘጠኝ ነን። አንድ ቀረ። ቅጹን ማሟላት የሚቻለው እስከ ኅዳር መጨረሻ ነው። በታኅሣሥ ቆጣሪው አዲሶቹን ልጆች አንድ በአንድ ራሱ እየጠየቀ ያረጋግጣል።

ሚጡ ፈተና ላይ ናት። ሰላም ትልዎታለች።

እህትዎ

ኅዳር 2

ለእህቴ፣

ሰላም ላንቺ ይሁን። መነጽሩ ደርሶኛል። የሚነበበው ግን አልደረሰም።

በአዲሱ መነጽር ያንቺን ደብዳቤ ደግሜ አነበብኩት። መጥፎ ልማድ ነው፤ ዝርዝር ሳገኝ እቆጥራለሁ። ዘጠኝ ወላጆች ብለሽኝ ነበር። ሹፌሩ፣ ሁለቱ ቀለም ቀቢዎች፣ ጥበቃው፣ ነርሷ፣ ጋጋሪው፣ መኪና አጣቢው፣ ልብስ ሰፊዋ። ስምንት ናቸው። ዘጠነኛው ማን ነው? ለምንስ ቤቱ አልሄድሽም?

ልብስ ሰፊዋ የጠየቀችሽን አልጻፍሽልኝም።

ወንድምሽ

ኅዳር 16

ለተከበሩ ወንድም ጋሼ፣

ዕድሜዎ ይርዘም፣ ዓይንዎም ከዚህ በላይ አይሳል።

ለመመለስ የዘገየሁት ፖስታው አስቸግሮ አይደለም። ልብስ ሰፊዋ የጠየቀችኝ «አንቺስ ለልጅሽ ምን ብለሽ ጻፍሽ?» ብላ ነው። ዘጠነኛዋ እኔ ነኝ።

ሚጡን ሳስመዘግብ አምስት ዓመቷ ነበር። ከፊቴ የተሰለፈችው እናት የእኛን ቋንቋ ጻፈች፤ ወዲያው የልጇ ደረት ላይ ቢጫ ወረቀት ለጥፈው ወደ ሌላ አግዳሚ ወሰዱት። ልጁ እያየን ሄደ። ተራዬ ሲደርስ የአገሩን ጻፍኩ። ከስር «የሰጠሁት መረጃ እውነት መሆኑን አረጋግጣለሁ» ይላል። ፈረምኩ።

ያውቁኛል፣ የፈረምኩበት ነገር ያስጨንቀኛል። ተመልሼ እንዳልቀይረው «ለምን ዋሸሽ?» ይሉኛል ብዬ ፈራሁ። እያሰብኩ ስሄድ ወረቀቱን ከማስተካከል ቤቱን ማስተካከል ቀለለኝ። ቤት ውስጥ የአገሩን ቋንቋ ከተናገርኩ የፈረምኩት እውነት ይሆናል አይደል? ከዚያ ቀን ጀምሮ ለልጄ በአገሩ ቋንቋ ማውራት ጀመርኩ።

ያን ጊዜ የማውቀው ሁለት መቶ ቃል ቢሆን ነው። ልጄን በሁለት መቶ ቃል አሳደግኳት። ተረቶቼ ሁሉ አጠሩ። ጅብ የሚለውን ስለማላውቅ ውሻ አደረግኩት፤ «ውሻ ይህን ያህል ክፉ ነው?» ብላ ስትጠይቀኝ የምመልስበት ቃል አልነበረኝም። በዓመቱ አለፈችኝ። ከዚያ ታርመኝ ጀመር። አሁን እኔ ስናገር ከንፈሯ ቀድሞ ይንቀሳቀሳል፤ የት ጋ እንደምሳሳት ታውቃለች።

ሁለቱን መስመር ያልጻፈችልዎ ስለማትችል ነው። ፊደሉን አታውቀውም። አንድ ጊዜ በግራ እጄ ልጽፍላት ሞክሬ ነበር። የልጅ ጽሑፍ መሰለ። ቀደድኩት።

አሁን ቅጹ ጠረጴዛዬ ላይ ነው። «ለልጅዎ አብዝተው የሚናገሩት በየትኛው ቋንቋ ነው?» ይላል። የእኛን ብጽፍ ሃያ ይሞላል፤ ግን እውነቱ ስድስት ዓመት በአገሩ ቋንቋ ሳወራት መኖሬ ነው። የአገሩን ብጽፍ እውነት ነው፤ ክፍሉ ይዘጋል። መጀመሪያ ስጽፍ ዋሸሁ። አሁን ደግሞ ሳርም ልዋሽ ነው? ሰው ቤት ሄጄ «አልተሟላም» ያልኳቸው ስምንት ሰዎች ኮሪደር ላይ ባገኙኝ ቁጥር «ሞላልን ወይ?» ይሉኛል።

ምን ልጻፍ?

እህትዎ

ኅዳር 25

ለእህቴ፣

የሚያጽናና ሁሉ ካንቺ ጋር ይሁን።

ሁለቱን መስመር ተይው። እንዳልጠየቅኩሽ ቁጠሪው።

ይህን እስካሁን ለማንም ጽፌ አላውቅም። በእኛም ጽሕፈት ቤት እንዲህ ያለ ድጎማ ነበር። ከተራራው ማዶ የመጡ ቤተሰቦች ልጆች በራሳቸው ቋንቋ የሚማሩበት አንድ ክፍል፣ አርባ ልጅ ከሞላ። ልቆጥር ሄድኩ። በክፍሉ የተቀመጡት ሠላሳ ዘጠኝ ነበሩ። አርባኛው ኩፍኝ ይዞት ቤቱ ተኝቷል አሉኝ። ደንቡ ያየኸውን ቁጠር ይላል። ያየሁትን ቆጠርኩ። ክፍሉ ተዘጋ።

የታመመው ልጅ አባት ሰፈራችን ያለው ፀጉር አስተካካይ ነው። እስከ ዛሬ ፀጉሬን የሚቆርጠኝ እሱ ነው። ጥሩ አድርጎ ይቆርጠኛል፣ አንገቴን በፎጣ ይጠርግልኛል፣ አያዋራኝም። ፀጉር አስተካካይ ሳያወራ ሲቀር ምን ማለት እንደሆነ ታውቂያለሽ። ሃያ ሁለት ዓመት ሆነው።

ልክ ነበርኩ። ዛሬም ልክ ነኝ። ልጁ ቤቱ ተኝቶ ሳለ ግን ከጽሕፈት ቤቱ እስከ ቤቱ የሚያስኬደው አምስት ደቂቃ ነበር። ሠላሳ አንድ ዓመት ልጅ ስቆጥር አንዱንም ልጅ ምንም ጠይቄው አላውቅም።

ይህን ጻፊ፣ ያን አትጻፊ አልልሽም። እኔ በዚህ ነገር ጥሩ መካሪ አይደለሁም።

ወንድምሽ

ታኅሣሥ 19

ለተከበሩ ወንድም ጋሼ፣

ጤና ይስጥልኝ። ደብዳቤዎ የደረሰኝ ቆጠራው በተፈጸመ በሦስተኛው ቀን ነው። የሆነውን በየተራው ልጻፍልዎ።

በመጨረሻዋ ቀን ቅጹን ያዝኩት። ሁለቱንም መልስ በተራ በአእምሮዬ ጻፍኩ፤ ሁለቱም እጄን አልታዘዝ አሉት። በመጨረሻ መስመሩ ላይ «ልጅቷን ጠይቋት» ብዬ ጽፌ ፈረምኩ። ለሚጡ እንደምትጠየቅ ብቻ ነገርኳት። ሃያ ስለሚባለው ቁጥር አልነገርኳትም። «ያለውን ተናገሪ» አልኳት፣ በአገሩ ቋንቋ።

ቆጣሪው ቀጭን ሰውዬ ነው፤ ጉንፋን ይዞታል። ልጆቹን የማስገባው እኔ ስለሆንኩ በሩ ጋ እንድቆምና እንዳልናገር አዘዘኝ። ርዕሰ መምህሯ አጠገቡ ተቀምጣለች። የሹፌሩ ልጅ ገባ፣ ወጣ። የልብስ ሰፊዋ ገባች፣ ወጣች። ስምንቱም አለፉ። ከዚያ የእኔን ቅጽ አነሳና ለርዕሰ መምህሯ አሳያት።

«ይሄ እንዲህ አይሞላም» አላት።

«ተሞልቷል እኮ» አለችው። «ጠይቃት ነው የሚለው።»

ሚጡ ገባች። ወንበሩ ላይ ስትቀመጥ እግሯ መሬት የነካ ብቸኛዋ ልጅ እሷ ናት። የሚነጋገሩት በአገሩ ቋንቋ ነው።

«እናትሽ ቤት ውስጥ በየትኛው ቋንቋ ነው የምታናግርሽ?»

«መቼ?»

«መቼ ማለት?»

«ደህና ስትሆን በእናንተ ቋንቋ ነው። ማለት፣ ትሞክራለች። ስትቆጣ ግን በራሷ ነው።»

ሰውዬው አፍንጫውን ጠረገ። «የትኛው ይበዛል?»

ሚጡ ዞር ብላ አየችኝ። ከዚያ ወደ እሱ ተመለሰች። «ብዙ ጊዜ ትቆጣለች» አለችው።

ርዕሰ መምህሯ በእጇ አፏን ያዘች። እኔ የምይዘው ነገር ፈለግኩና የበሩን እጀታ ያዝኩ።

«ስትቆጣ የምትለው ይገባሻል?»

«ሁሉም።»

«እስቲ አንድ ንገሪኝ።»

ወንድም ጋሼ፣ ልጄ ቀና ብላ ተቀመጠች፣ እጇን ወገቧ ላይ አደረገች፣ በእኛ ቋንቋ፣ በእኔ ድምፅ፣ «አንቺ ልጅ፣ ጆሮሽን የት ጥለሽው መጣሽ?» አለች። አንድም ቃል አልሳተችም። ሰውዬው እንድተረጉምለት ወደ እኔ አየ። «ጆሮዋ የት እንዳለ እየጠየቀች ነው» አልኩት።

ከወረቀቱ ቀና ሳይል ምልክት አደረገ። «ሃያ» አለ። ርዕሰ መምህሯ ከክፍሉ ስንወጣ፣ «ድምፅ ያለሽ አይመስለኝም ነበር» አለችኝ።

ቤቱን አስተካክዬ የጨረስኩ መስሎኝ ስድስት ዓመት ኖሬያለሁ። ስቆጣ የምናገረውን ለካ እኔ አልሰማውም ነበር።

ድጎማው ጸድቋል። ጫማ የጠበበው ልጅ ቦታውን ይዟል። ለልብስ ሰፊዋ ግን እንደፈራችው ሆነ፤ ልጇ ተጨማሪ ፈተና እንድትወስድ ስለታዘዘች እናትየው እኔን ስታይ መንገድ ትሻገራለች። ከሹፌሩ ሚስት ጋር ግን ሰላምታ አለን።

ሚጡ መዝገብ ላይ ስለገባች መማር ግዴታዋ ነው። ደስ አላላትም። ከእሷ በታች ያለው ትልቁ ልጅ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ ጠረጴዛው ስለሚያንሳት ጉልበቷን ወደ ጎን አድርጋ ትቀመጣለች። እኔን ክፍል ውስጥ በሙሉ ስሜ ነው የምትጠራኝ። ሦስት ቀን ሙሉ አንድም ቃል አልተነፈሰችም።

በአራተኛው ቀን መምህርቷ ልጆቹን ከቤታቸው የሚያውቁትን ቃል እንዲናገሩ ጠየቋቸው፤ እኔ ሰሌዳው ላይ እየጻፍኩ፣ እነሱ እያነበቡ። ትንንሾቹ ውሃ አሉ፣ ዳቦ አሉ፣ አንዱ ድመት አለ። ተራው ሚጡ ጋ ደረሰ። አልጠበቅኩም። መናገር ጀመረች፣ እኔም እየተከተልኩ ጻፍኩ፤ ምን ላድርግ፣ ቃል ነው። ተነሽ። ዝጊው። ቀስ በይ። ምን ሆነሽ ነው? ማን አስተማረሽ? ነይ ብዬሻለሁ። ስንቴ ልንገርሽ? ሰሌዳው ሞላ። የራሴ አፍ በራሴ እጅ ጽሑፍ ሲታይ ትንሽ ያሳፍራል።

መምህርቷ ከላይ ጀምረን አብረን እናንብብ አሉ። እኔ ገና ጠመኔውን እንደያዝኩ ፊቴን ወደ ልጆቹ አዞርኩ። ሃያ ልጆች ወደ እኔ እያዩ በአንድ ድምፅ «ተነሽ!» ብለው ጀመሩ፤ «ስንቴ ልንገርሽ!» ላይ ሲደርሱ ርዕሰ መምህሯ ማን እንደተቆጣ ለማየት በሩን ከፈተች። ፊደሉን ገና ባታውቅም ከሁሉ አስበልጣ የምትጮኸው ከኋላ፣ ጉልበቷን ወደ ጎን አድርጋ የተቀመጠችው ናት።

እህትዎ